ቆጥሬ የተውኋቸው እንግዳ

መቁጠር ይወዳል ብለው ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። ቤት ስገባ ደጃፍ ላይ የወለቀውን ጫማ እቆጥርና ማን እንደ መጣ፣ ማን ገና እንዳልሄደ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ሠርግ ስጠራ ከሙሽራው በፊት የማየው ወንበሩን ነው። ጣና ዳር ስቀመጥ እንኳ ሌላው ሰው ውሃውን እያየ ሲተክዝ እኔ ከወዲያ ማዶ የሚመጡትን ታንኳዎች እቆጥራለሁ። ባለቤቴ አስናቀች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ውሃ ደስ ይልሃል?» ትለኛለች። ደስ ይለኛል። ቆጥሬ ስጨርስ።

ጥፋቱ የሥራዬ ነው። በመኪና በር ላይ ተንጠልጥዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ረዳት ነበርሁ። ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት፣ ከሾፌርነትም የራሴን ሚኒባስ ወደ መግዛት ያደረሰኝ ትምህርት አይደለም፤ ትምህርቱ ገና በጠዋቱ ነው የቀረው። ያደረሰኝ ዓይኔ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ጣል አድርጌው ስንት ሰው እንደ ተጫነ አውቃለሁ። እናንተ ሰው ለመቁጠር ጣታችሁን ታነሣላችሁ፣ ከንፈራችሁን ታንቀሳቅሳላችሁ። እኔ ዝም ብዬ በሩን እዘጋለሁ።

ግን ቁጥር ስንት እንደሆናችሁ ይነግራችኋል እንጂ ማን ማን እንደሆናችሁ አይነግራችሁም። ይህን ከሸበትሁ በኋላ ያስተማሩኝ የልጄ ሚስት እናት፣ ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ያስተማሩኝም እንጅባራ ላይ ጥያቸው በሄድሁ ቀን ነው።

አትፍረዱብኝ፤ ከመነሻው ልጀምር።

ልጄ ይበልጣል ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ደመወዝተኛ ነው። ሚስቱ መሠረት የሆሳዕና ልጅ ናት። ለሥራ ባሕር ዳር መጥታ፣ ፔዳ አካባቢ ቤት ተከራይታ ስትኖር ተዋወቁና ተጋቡ። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ለእኛም ለእነሱም የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው። በእኛም አገር በእነሱም አገር ደግሞ አንድ የማይናወጥ ሕግ አለ፤ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ እናት ቤት ነው። ወይዘሮ ዘነበች ይህን ሕግ ከልብሳቸው ጋር በሻንጣ ይዘውት መጡ። ገና ውሃ ጠጥተው ሳይጨርሱ፣ በዚያ በጨዋ አንደበታቸው፣ «ትንሽ እሰነብትና ልጄን ይዣት እሄዳለሁ» አሉ።

ማን አይሆንም ይላል? ማንም። ይበልጣል ግን የዚያን ዕለት ማታ ራቱን ነካክቶ ተወው። መሠረት ከሄደች፣ ወልዳ፣ ጠንክራ፣ ሕፃኑም ለመንገድ በርትቶ እስክትመለስ ድረስ ልጁን የሚያየው በስልክ ነው። አስናቀች ለአራስ ገንፎ የሚሆነውን ገብስ ለቅማና ቆልታ አስፈጭታ ጓዳ ካስቀመጠችው ሰንብታለች፤ የዚያን ምሽት ገብታ ክዳኑን ስታጠብቅ አየኋት። መሠረትን ብጠይቃት፣ «እማዬ ያለችው ይሆናል፣ አባባ» አለችኝ። ስትለኝ ግን የምታየው እኔን ሳይሆን ይበልጣልን ነበር። እኔስ? እኔ ደጃፍ ላይ ጫማ ስቆጥር፣ ገና ያልተገዛች አንዲት የመዳፍ ታህል ጫማ በልቤ እጨምር ነበር።

እንግዲህ ሴትየዋን እንዴት እናሳምናቸው? በአፍ አይሆንም፤ የልጅን እናት በአፍ ማሳመን ነውር ነው። አገሩን ካዩት በራሳቸው ይረዳሉ ብዬ አሰብሁ። ጣናን አሳየናቸው፤ «ብዙ ውሃ ነው» አሉ። በጀልባ ዘጌ ወሰድናቸው፤ የቡናውን ጫካ ወደዱት፤ ነገር ግን ሲሄዱም ሲመለሱም ጀልባው ላይ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ነበር። ዓሣ አበላናቸው፤ አጥንቱን ፈሩት። ከሁሉ የባሰው ሙቀቱ ነው። ጊዜው ግንቦት ነበር፤ የባሕር ዳርን ግንቦት ታውቁታላችሁ፣ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። ወይዘሮ ዘነበች የደጋ ሴት ናቸው። አንድ ቀን በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡ፣ «በዚህ ወበቅ ሕፃን እንዴት ይተነፍሳል?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት እኔን አይደለም። ግን ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ።

«አባዬ፣ እንጅባራ እንውሰዳቸው» አለኝ ይበልጣል። «ሆሳዕና የሄዱ ይመስላቸዋል።»

ልጄ ብልህ ነው፤ በእናቱ ወጥቶ። እንጅባራ እንደምታውቁት በእኛ በኩል የብርድ ጓዳችን ነው። የባሕር ዳር ሰው ሰውነቱ ሲፈላበት ሽቅብ ወደዚያ ይወጣል፤ ቀርከሃውን፣ ፈረሱን፣ ጉሙን አይቶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።

እሑድ ጠዋት ሚኒባሷን ከሥራ አስቀረናት። ይበልጣል መሪውን ያዘ። መሠረት ጥምዝ መንገድ ያጥወለውላት ስለነበር ከባሏ ጎን ጋቢና ገባች። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ዘንድ ተቀመጥሁ፤ ባለመኪና ከሆንሁም በኋላ ከዚያ ወንበር የሚያስነሣኝ አልተገኘም። አስናቀች ከኋላዬ ሆነች። ወይዘሮ ዘነበችን የክብር ቦታ ብንላቸው፣ «እግሬን ልዘርጋበት» ብለው የመጨረሻውን ረጅም ወንበር ለብቻቸው ያዙት። ዓይኔን ጣል አደረግሁ። አምስት። በሩን ዘጋሁት።

መንገዱ አላሳፈረንም። ቆጋ ላይ የመስኖውን ጎመንና ድንች ሲያዩ ወይዘሮ ዘነበች ወደ መስኮቱ ተጠግተው፣ «ይሄ ሁሉ በቦይ ነው?» አሉ፤ ከመጡ ጊዜ አንስቶ የመጀመሪያው የአድናቆት ቃል ነበር፤ ይበልጣል በመስታወት አየኝ። ዳንግላን ስናልፍ ነጠላቸውን ደረብ አደረጉ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ መስኮቱን ከፍተው በአፍንጫቸው አየሩን ሳቡት። እንጅባራ ስንደርስማ አስናቀች ያመጣችላቸውን ጋቢ እስከ ጆሯቸው ተከናነቡና ፈገግ አሉ። ዘንገና ሐይቅ ወሰድናቸው። ያችን በጫካ የተከበበች፣ ክብ፣ ዝም ያለች ውሃ ከላይ ሆነው ብዙ ሰዓት አዩዋት።

«ይሄኛው ውሃ ልኩ ነው» አሉ።

በልቤ አንዲቱን ጫማ እንደ ገና ቆጠርሁ።

ምሳ የበላነው በከተማው ጫፍ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ነው። ባለቤቷ ድፎ ዳቦ አቀረበችልን፤ በኮባ ቅጠል የተጋገረ። ወይዘሮ ዘነበች ቅጠሉን አገላብጠው አዩና ተክሉ የት እንዳለ ጠየቁ። «ከጓሮ ነው» አለቻቸው። እሳቸው አገር ኮባው ራሱ ምግብ ነው፤ ቤት የሚኖረው በእሱ ነው። እኛ ዘንድ ዳቦ ይጠቀለልበታል። «ቅጠሉን ብቻ?» አሉ፤ ሰው በሬ ገዝቶ ጭራውን ብቻ ሲጠቀምበት ያዩ ይመስል። እና ሳይነግሩን፣ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ፣ ቦርሳቸውን መኪናው ውስጥ እንደ ተዉ፣ ኮባውን ሊያዩ ወደ ጓሮ ዞሩ።

በዚያ መሐል ዝናቡ ወረደ። የእንጅባራ ዝናብ አያስጠነቅቅም። አስናቀች መሠረትን ደግፋ ሮጠች፣ ይበልጣል ሞተሩን አስነሣ፣ እኔ በሩን ከፍቼ ይዤ ሁሉም ሲገባ ጠበቅሁ። ዓይኔን ጣል አደረግሁ። ይበልጣል፣ መሠረት፣ አስናቀች፣ በመጨረሻው ወንበር ጥግ ነጭ ጋቢ፣ እና እኔ። አምስት። በሩን ዘጋሁት።

አሁን የእኛን ጨዋነት ተመልከቱ። ይበልጣል ወደ አማቱ ፊት ቀና ብሎ አያይም፤ ይፈራል። እኔ የልጄን ሚስት እናት፣ ያውም ተከናንበው ጋደም ካሉ በኋላ፣ ዞር ብዬ ማየት ነውር ይመስለኛል። መሠረት ከጋቢና ሆና፣ «እማዬ፣ ተመቸሽ?» አለች፤ ከኋላ «እህ» የሚል የረካ ድምፅ መጣ። አስናቀች ለእንግዳዋ የተገዛውን ብርቱካን ልጣ፣ ፍሬውን አውጥታ፣ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ከጋቢው ውስጥ እጅ ወጥቶ ተቀበላት። «እግዜር ይስጥሽ።»

«ብርዱ ድምፃቸውን ዘጋው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ተያቸው፣ ይተኙ» አልኋት። ይበልጣል ሙዚቃውን ቀነሰ። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት በሚኒባስ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ዳንግላ መግቢያ ላይ ከኋላ ወንበር፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ወራጅ አለ» ተባለ።

እኔ ምን አደረግሁ? የኖርሁበትን ነዋ። «ይበልጣል፣ ዳር ያዝ» አልሁ። ይበልጣልም ዳር ያዘ። በሩን ግማሽ ከፍቼው ነው ማን ነው ወራጁ ብዬ የዞርሁት። ጋቢው ወርዷል። ውስጡ ያሉት አንዲት በዕድሜ የገፉ ቀጭን ሴት ናቸው፤ በጭናቸው ላይ የዱቄት ከረጢት አቅፈው የመቀነታቸውን ቋጠሮ ሊፈቱ ይታገላሉ።

«እናቴስ?» አለች መሠረት።

ይበልጣል ስልክ ደወለ። ስልኩ ከኋላ ወንበር፣ ከወይዘሮ ዘነበች ቦርሳ ውስጥ ጮኸ።

«አባዬ፣ ቆጥረህ አልነበር?»

«ቆጥሬያለሁ» አልሁት። «አምስት ነን።» ደግሞም አምስት ነበርን፤ በዚያች ደቂቃ እንኳ ቁጥሩ ልክ ነበር። መሠረት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ነገሩ ተበላሽቷል፤ እናቲቱን ጥሎ ለሚሄድ ቤተሰብ ልጇን የምትተው ማን ናት?

ሴትየዋ እማማ ስንዱ ይባላሉ። ዳንግላ የምትኖር ልጃቸው ወልዳ፣ የገንፎ እህል ይዘው ሊጠይቋት ሲመጡ ዝናቡ ያዛቸው፤ የቆመ ሚኒባስ አዩ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ገቡ። ከዚህ በላይ ምን ያጣሩ? ይቅርታ ጠይቀን ልናወርዳቸው ስንል ግን አልወርድም አሉ።

«ሰው ጥላችሁ ከሆነ አብሬ እመለሳለሁ።»

«እማማ፣ ልጅዎ እኮ እዚሁ ናት» አለች አስናቀች።

«ልጄ ወልዳ ተገላግላለች፣ ትጠብቀኛለች። ያ ሰፈር የእኔ ነው። እናንተ ብቻችሁን ብትመለሱ፣ አሮጊት ጥለው ሄዱ ተብሎ ይወራባችኋል። እኔ ካለሁ ነገሩ ስሕተት መሆኑን እነግርላችኋለሁ። ንዳ፣ ልጄ።»

ይበልጣል አዞረና ነዳ። ሽቅብ ስንመለስ እኔ የይቅርታ ንግግር በልቤ እየጻፍሁ እሰርዛለሁ፤ አንዱ ይረዝምብኛል፣ አንዱ ያጥርብኛል፣ ሁሉም ውስጥ «ቆጥሬ ነበር» የሚል ቃል እየገባ ያበላሸዋል። እማማ ስንዱ ከኋላ ሆነው መሠረትን፣ «አይዞሽ፣ እኛ ዘንድ ሰው አይጠፋም» ይሏታል።

ሻይ ቤቷ ስንደርስ ቀድሜ ወርጄ ወደ ጓዳ ዘለቅሁ። ወይዘሮ ዘነበች እሳት ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ትኩስ ወተት ይጠጣሉ። ሁለት የሰፈር ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ስለ ኮባ ሲያስረዷቸው፣ እሳቸውም መልሰው ሲያስረዷቸው ደረስሁ። ቀና ብለው አዩኝ።

«መጣችሁ? ነዳጁን አገኛችሁ?»

የሻይ ቤቷን ባለቤት አየኋት። እሷም አየችኝ። ለካስ ሴቲቱ እንግዳዬ እንዳይከፋቸው፣ ነዳጅ ሊቀዱ ነው፣ እሳት ይሙቁ ብለዋል ብላ፣ ሳልለምናት ስለ እኔ ዋሽታልኛለች። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ለማያውቀው መንገደኛ እንዲህ ያለ መሸፈኛ የሚሰጥ? እኔም የሰጡኝን የምመልስ ሰው አይደለሁም። «አገኘን» ልል አፌን ስከፍት እማማ ስንዱ ከኋላዬ ገቡ።

«የምን ነዳጅ? ረስተውሽ ነው፣ እህቴ። በአንቺ ቦታ እኔን ጭነው ዳንግላ ድረስ ወሰዱኝ።»

በሻይ ቤቷ ባለቤት እጅ የምትላጥ ድንች በአየር ላይ ቆመች። ወይዘሮ ዘነበች ወተቱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«ማን ነሽ ብለው ጫኑሽ?»

«ማንም ማን ነሽ አላለኝም። ገባሁ። ጋቢና ያለችው ነፍሰ ጡር ተመቸሽ ወይ አለችኝ። ይህችኛዋ ደግሞ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።»

«ልጣ?»

«ልጣ። ፍሬውንም አውጥታ።»

ወይዘሮ ዘነበች አስናቀችን አዩዋት። «እርስዎ መስለውኝ ነው» አለች አስናቀች፤ መሬት መሬት እያየች።

«እሱማ ገባኝ» አሉ።

መሠረት ገብታ አጠገባቸው ቁጭ ስትል ራሷን ዳበሱና፣ «አታልቅሺ፣ ሆድሽ ውስጥ ያለው ይሰማል» አሏት። እኔ ያን ሁሉ መንገድ ያዘጋጀሁትን ንግግር የሚጠይቀኝ ጠፋ። ቆሜ ቀረሁ።

ስንነሣ ስድስት ነበርን። በሩን ከመዝጋቴ በፊት ግን፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ውስጥ ገብቼ የእያንዳንዱን ሰው ፊት አየሁ። «ወይዘሮ ዘነበች?» ብል፣ «አለሁ» አሉ። አስናቀች ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ሁለቱ ሴቶች የኋላውን ወንበር ተካፍለው ተቀመጡ። የአንዷ አማርኛ አገውኛ አገውኛ ይላል፣ የሌላዋ ሆሳዕና ሆሳዕና ይላል፤ ሁለቱም ቀስ ብለው ስለሚያወሩ ከእኛ ይልቅ እርስ በርስ ይደማመጣሉ። ዳንግላ ስንደርስ እማማ ስንዱ ዳግመኛ «ወራጅ አለ» ብለው አስቆሙንና ሳትገቡ አትሄዱም አሉን። ገባን። አራሷ ወጣት ናት፤ ሕፃኑን ታቅፋ ተነሥታ ልትቀበለን ስትል ሁላችንም አስቀመጥናት። እማማ ስንዱ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ከረጢቱን ፈትተው ውሃ ጣዱ። ወይዘሮ ዘነበች ሕፃኑን ተቀብለው አቀፉት።

«የመጀመሪያዋ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የመጀመሪያዋ» አሉ እማማ ስንዱ ከምድጃው።

«ታዲያ ለምን አንቺ ቤት አልወለደችም?»

እማማ ስንዱ ማማሰያውን እንደ ያዙ ዞሩ። «ሥራዋ እዚህ፣ ባሏ እዚህ፣ የምትታከምበት እዚህ። ቤቴን ተሸክሜ አልመጣ፤ እኔ ግን ይኸው መጣሁ። እኔ ካለሁ እናቷ ቤት አይደለም እንዴ?»

ገንፎውን በላን። ወይዘሮ ዘነበች ሕፃኑን እስክንነሣ ድረስ ለማንም አልሰጡትም።

ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ ቀኑ እየደበዘዘ ነበር። ሙቀቱ መርዓዊ ላይ ተቀበለን፤ መስኮት ከፈትን። ይበልጣል መሪውን እንደ ዕንቁላል ይዞ ነው የሚነዳው። ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ አስናቀች፣ የገንፎ እህል አለዎት?»

«ጓዳ ተቀምጧል።»

«ገብሱን ማን ለቀመው?»

«እኔው።»

«ነገ አየዋለሁ።» ቆጋ በጨለማው ውስጥ እርጥብ እርጥብ እየሸተተ አለፈ። «ጥሩ ከሆነ ልጄ እዚህ ትውለድ። እኔም እስክትጠነክር አብሬያት እሆናለሁ። ሙቀቱን እችለዋለሁ።»

መሠረት ዞር ብላ እናቷን አየች፤ እጇ ግን ባሏ ክንድ ላይ ነበር።

«አንድ ነገር ግን አለ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «ሐኪም ቤት በምንሄድበት ቀን ጋሽ ውበቱ እንዳይቆጥሩ።»

ጋሽ ውበቱ እኔ ነኝ። ልጄ በአማቱ ፊት ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ መኪናዋም ትንሽ ወዘወዘች።

ምን እንዳሳመናቸው እስካሁን አልጠየቅኋቸውም። የእማማ ስንዱ ነገር ይሆናል። ወይም የሻይ ቤቷ ሴት ውሸት፤ የት አገር ነው ለእንግዳ ክብር እንዲህ የሚዋሽ ብለው። አስናቀች ግን ብርቱካኑ ነው ትላለች፤ ማን እንደሆነች ለማያውቋት ሴት ልጠው የሚያጎርሱ ሰዎች ልጄን አይበድሏትም ብለው አስበው ነው ትላለች። ጥፋታችን ባልነው ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ምስክር ተቀምጦ ኖሯል። ሳቃችሁ ከመጣ ሳቁ፤ እኔ ግን ዞር ብለን የእማማ ስንዱን ፊት አይተን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር እያልሁ፣ ጥሩ ነገር በስሕተት በኩል ሲመጣ ምን ተብሎ እንደሚመሰገን ግራ ይገባኛል።

ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ ይበልጣል ፍሬን ከመያዙ በፊት ከኋላው ወንበር፣ ከእማማ ስንዱ በተማሩት ድምፅ፣ ወይዘሮ ዘነበች፣ «ወራጅ አለ» አሉ።

በሩን ከፈትሁላቸው። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ገባ። ደጃፍ ላይ ቆሜ ጫማዎቹን ቆጠርሁ። ልክ ናቸው። ለማንኛውም ግን ገብቼ ፊታቸውን አየሁ።